«ልቡ የማይችል ይውረድ»

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰውነትህ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ ቀነሰልህ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከራስ ምታትና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስልክ ላይ፣ «እዚያ ከፍታ ላይ ልብ ድው ድው ሲል አየሩ ነው ወይስ ጭንቀት? በምን ትለያላችሁ?» ብለህ ሳልመልስልህ ተቋረጠ። መልሱ ይኸውልህ፦ አንለየውም፤ ሊለየው የሚፈልግም የለም።

ጎልያድ ስለምንለው፣ ድንጋይ የሚጭነውን ሎደር ስለሚነዳው ሹፌር ነግሬሃለሁ፤ ሲያስነጥስ የመኝታ ቤቱን ቆርቆሮ ስለሚያንቀጠቅጠው። ያ ሰውዬ ማዕድን ከምናወጣበት ዋሻ አፍ ሲደርስ «መሞቴ ነው» ይላል። ልቡ ድው ድው ይላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የካምፑ ጤና መኮንን ጣቱ ላይ መለኪያ ሰክቶ፣ ኦክስጅንህ ለዚህ ከፍታ ደህና ነው፣ ሐሳብ አታብዛ ብሎ ሸኘው። ሐሳብ አታብዛ! ቧንቧ መሰለው እንዴ፣ የሚዘጋ?

ጎልያድም አፉን ይዞ ከጓደኛው የእንቅልፍ ክኒን እየተቀበለ መዋጥ ጀመረ። እዚህ ክኒን እንደ ማስቲካ ከእጅ እጅ ነው የሚዞረው። አየር በሳሳበት ቦታ እንዲህ ያለው ክኒን ትንፋሽ ያዳክማል ያልከኝ አንተ ነህ። ሰኞ ጠዋት ደንዝዞ ሎደሩን ገደሉ አፋፍ ካለ የድንጋይ ክምር ላይ ሰቀለው። ክምሩ ባይኖር የምጽፍልህ መርዶ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም ሊሸፍኑለት «ፍሬኑ ነው» አሉ። እኔ የደኅንነት ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩት፣ የዲግሪዬ ቀለም እንኳ ያልደረቀው፣ ዝም ልበል? ፍሬኑ ደህና ነው፣ የታመመው ሰውየው ነው፣ ይታከም አልኩ። የካምፑ ኃላፊ ፈገግ ብሎ «ልቡ የማይችል ይውረድ» አለ። የወረደ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። እኔ ይታከም ስል እሱ ይባረር ብሎ ፈረደ! ጎልያድ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «እህት ዓለም፣ ማን ጠየቀሽ? ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ተመልሼ ገብቼ፣ እግሩ የተሰበረ ታክሞ ይመለሳል፣ ይሄ የማይመለሰው ለምንድን ነው ብዬ ጮህኩ። ከዚያ መካኒኩ ተነሣና እኔም ያንኑ ክኒን እውጣለሁ፣ እኔንም አውርዱኝ አለ። ኤሌክትሪሻኑም ተከተለ። የወጥ ቤት ኃላፊዋማ «እኔንም ጨምሩኝ፤ ምሳችሁን ራሳችሁ ሥሩ!» ብላ ሽርጧን ፈታች። ኃላፊው እስከ ቅዳሜ ላስብበት ብሎ ወጣ። እስከዚያ ጎልያድ መሪ አይጨብጥም፤ ከእኔም ጋር አያወራም።

ወንድም ጋሼ፣ ቅዳሜ የሠራተኛው መኪና ሲመጣ ተሳፍረህ ና። በየቀኑ ጭንቀት የምታክም ነርስ ነህና፣ ሰው ታክሞ ሥራው ላይ እንደሚመለስ ኃላፊው ካንተ አፍ ይስማ። ለጤና መኮንኑም በምክርና በትንፋሽ ልምምድ እንዴት እንደሚጀመር አሳየው። ክኒኑን የለመዱትስ በአንዴ ይተዉት ወይስ ቀስ በቀስ? እኔ አላውቅም፤ ሰው ደግሞ እየጠየቀኝ ነው። ተረኛ ነኝ እንዳትለኝ፤ ተቀያየር!

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለአባዬ ሥራው ተስማምቷታል በለው፤ መጮኼን ግን አታንሣበት። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿንም ጉንጯን ሳምልኝ።

ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ይህን ላመጣልህ ሹፌር አሁኑኑ ቁርጡን ንገረው።

እህትህ
ከተራራው ካምፕ፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት 12