አጎቴ የአባን እብነ በረድ ያከመ ሰሞን

ማክሰኞ
ወለሉ ተንጨረጨረ። ወላሂ፣ እንደ ዘይት! አጎቴ ኢድሪስ የመኪና ባትሪ አሲድ ሳሎናችን እብነ በረድ ላይ አፍስሶ፣ አረፋው ሲነሣ «አየሽ? ቆሻሻው እየወጣ ነው» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ከገላባት ገዳሪፍ ሎሪ ነድቷል፤ በአሲድ የማያጸዳው ነገር የለም። ሽታው ጉሮሮ ይቧጥጣል። አረፋው ሲጠረግ ከሥሩ የወጣው ትሪ የሚያህል ነጭ ጠባሳ ነው፤ ሲዳሰስ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል።

አባ ሁለት ነገር አለ። «ያ ኢድሪስ!» አለ። ከዚያ «እንዲህ ባለ ሳሎን ሽማግሌ አልቀበልም።»

አርብ ለእህቴ ለሰሚራ ከከሰላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሊያገባት የጠየቀው ልጅ ቅዳሜ ጅዳ ይሄዳል። ሌላ አርብ የለም። ሰሚራ ማድቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ሮብ
እማ ሁለት ጽዳት ሠራተኞች አመጣች። ትልቋ ሐዋ ናት፤ የሱዳን ጦርነት ሳያፈናቅላት ካርቱም ሆቴል ውስጥ ወለል ስታጸዳ ኖራለች። ተንበርክካ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «ሴራሚክ ቢሆን ይችለው ነበር። እብነ በረድን ሎሚ እንኳ ይበላዋል። ይሄ እድፍ አይደለም፣ ቁስል ነው» አለች በዓረብኛ። አጎቴ ድንገት ዓረብኛ ጠፋው።

ከዚያ ሶፋውን ሳብነው። ዛሬ እራት አልበላሁም። ከጀርባው፦ የደረቁ በረሮዎች፣ የዓምናው ኢድ አጥንት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእግር ጥፍር፣ እና ግድግዳውን ይዞ የወረደ ቡናማ የደረቀ ምራቅ። ቱምባክ! ቤታችን ውስጥ ከንፈሩ ሥር ትምባሆ የሚወትፈው አንድ ሰው ነው።

«ዝገት ነው» አለ አጎቴ።

ግድግዳ ይዝጋል? ሐዋ በሞቀ ውሃ ስታርሰው ሽታው ነፍስ ዘራ። እሷ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። እኔ ደጅ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ሐሙስ
መብራት የለም፤ ስለዚህ ማለስለሻ ማሽንም የለም። ሐዋ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካች አደለችን። መጀመሪያ ሻካራውን፣ ኋላ ደቃቁን። አጎቴ «ወገቤን...» ሲል «ያ ሐጅ፣ ማን ነው ያፈሰሰው?» አለችው። ተንበረከከ! ነጭ ጭቃ ክርናችን ድረስ ተለጠፈ። ከአጎቴ አፍንጫ ላብ ጠብ ጠብ ይላል፤ የምፈትገው ድንጋዩን ይሁን ላቡን እንጃ። ኡፍፍ።

ሲመሽ ሻካራነቱ ለቀቀ። ንጣቱ ቀረ። እማ «ምንጣፍ እናንጥፍበታ» ብትል፣ አባ «እብነ በረድ ገዝቼ ምንጣፍ ላሳያቸው?» አላት። ሰሚራ ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥታ እንደገና መፈተግ ጀመረች። አባ ይህን አይቶ «እሺ ይምጡ። ኢድሪስ ግን ጀለቢያውን ዘርግቶ ጠባሳው ላይ ይቀመጥ። እንዳይነሣ!» አለ።

አርብ
ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። አጎቴ ጠባሳው ላይ ተዘርግቷል። ታላቁ ሽማግሌ፣ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው የአጎቴን ድምፅ ተከትለው ወደ እሱ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ። እንዲህ ላለ ሰው ተቀምጦ እጅ አይሰጥም። አባ በዓይኑ «ዋ!» ይለዋል።

አጎቴ ተነሣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሰሚራ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተከለች። ሽማግሌው በባዶ እግራቸው ነጩ ላይ ቆሙ። «ምንድነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?»

«እብነ በረድ ነው» አለ አባ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ማሻአላህ! ዓይኔ ከደከመ ቆየ ልጄ፣ እግሬ ነው የሚያይልኝ። ሲለሰልስ!»

ሌሎቹ ሁለቱ በደንብ አዩት። ግን ታላቃቸው ማሻአላህ ካሉ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ፋቲሓ ተቀራ። ሰሚራ ተሰጠች።

ሦስት ቀን ከአሲድና ከሰው ምራቅ ጋር ታግዬ፣ ወለሉን ያደነቁት የማያዩት ሰውዬ ናቸው። ሰሚራ እየሳቀች አለቀሰችና አፍንጫዋን ጠረገች። በእኔ ሻሽ!