ድንጋዩን ምንጩ ዳር አኑሬዋለሁ

ጥር 19 ቀን

ለበኵር ልጄ፤

ሰውነትሽ እንዴት ነው? የጎንደር ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እኅትሽ ይመኙሽ ስድስተኛ ክፍል ገብታ ምላሷ ከአንቺም ብሷል፤ ሰላም ትልሻለች። አያ ወልደኢየሱስም ከነምርኩዛቸው አሉ፤ ሳላያት አልሞትም ይላሉ። መምህርት እንኳየሁም ስምሽን ሳታነሣ አትውልም። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት።

ስልክ ብደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም። እንዲያውም ሰሞኑን አለማንሣትሽ በጀኝ፤ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር። ዳዊት ሲደግም እንጂ ደብዳቤ ሲጽፍ የማያውቅ ሰው ብዕር የያዘው ለዚህ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንቺና የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጓደኞችሽ ከምንጩ በላይ የተከልኩትን ባሕር ዛፍ አንድ ሳታስቀሩ ነቀላችሁት። ሁለት መቶ እግር! ቆርቆሮ ቤት እሠራበታለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን። ባሕር ዛፍ ምንጩን ይጠጣዋል፣ መምህርት አስተምራናለች አልሽኝ። ውኃ የሚሰጠው እግዚአብሔር እንጂ መምህርት አይደለችም ብዬ ጮኽኩብሽ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ወይራ ቅርንጫፍ የሰበረ ሰው ሳይ የምቆጣውም እኔው ነኝ። አንቺ ምንጩን መጠበቅሽም ያው አንድ ነገር መሆኑ ግን አልታየኝም።

ሽማግሌ ዛፉ ሥር ሰብስቤ ድንጋይ አሸከምኩሽ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ሲያጎነብስ የተበደለው ቶሎ ብሎ ያወርድለታል፤ ወጉ ይህ ነው። እኔ አላወረድኩልሽም። አያ ወልደኢየሱስ ምነው፣ ይህ ሰው ልብ የለውም እንዴ እስኪሉ ድረስ አቆምኩሽ። አውርጄልሽም ከእንግዲህ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም አልኩ። በሳምንቱ ከቤት ጥለሽ ሄድሽ። እናትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መሬቱ ባዶውን ሲቀር መምህርት እንኳየሁ ልጆቹን ይዛ መጣች። ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም፤ አንቺን ካጣሁ ወዲያ ለጠብ ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። እርከን ሠሩ፣ ወይራና ኮሶ ተከሉ፣ ከብት አስከለከሉ። ሒሳብ የሚማሩት እንኳ እዚያው ሆኗል፤ አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይለካሉ። አንቺ በሄድሽበት በጋ አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ዘንድሮ ይመኙሽ ስድስት ደቂቃ ብትለኝ ውሸታም ብያት ራሴ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ስድስት ነው፣ ልጄ። ውኃ ፍለጋ ቆላ ሲወርዱ ከክፍል ይቀሩ የነበሩት ሴቶች ልጆች ዛሬ አንዲትም አትቀርም። ሸጋ ነገር ነው የሠራሽው። አባትሽ ይህን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጀበት።

በኅዳር እናትሽን ደግፌ ምንጩ ዘንድ ወሰድኳት። በእፍኟ ጠጣችና የልጄ ውኃ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ውኃ አፏ አልገባም፤ በየቀኑ እየቀዳሁ አመጣላት ነበር።

አሁን የምጽፈውን ንስሐ አባቴም አልሰሙትም። በታኅሣሥ አንቺ ያለሽበት ድረስ፣ ጎንደር ፀዳ መጥቼ ነበር። የላከችኝ እናትሽ ናት፤ ፈልገህ አምጣልኝ ብላ። ቦኖው ዘንድ ቢጫ ጀሪካንሽን ይዘሽ ተሰልፈሽ አየሁሽ። ከስተሻል። ተራሽ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀርሽ ውኃው ሄደ፣ አንቺም ባዶ ጀሪካንሽ ላይ ተቀመጥሽ። ለአገር ውኃ ያፈለቀች ልጄ! ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ፤ እፍረት ያዘኝ፣ ዞሬ ሄድኩ። ለእናትሽም ፈልጌ አጣኋት አልኳት። ዋሸኋት። እሷም አመነችኝና እንግዲያስ ሌላ ቀን ታገኛታለህ አለችኝ።

ይህን የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ውዱ ነው። ማኪናው ነገ ስለሚመለስ አብረሽው ነይ። መንገድ ላይ ምንም አትጠይቂው፤ አስምዬዋለሁ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ቤታችን ካህናትም ዘመድም ይገባል፤ አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም። ስትደርሺ በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትገቢ፤ መምህርት እንኳየሁና ሴቶቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆዩሻል፣ ከእነሱ ጋር ትመጫለሽ። በዚህ ብርድ ራሴን ተላጭቼ ብታዪኝም አትደንግጪ፤ ራስ ምታት አስቸግሮኝ ነው። ስለ እናትሽ ስትመጪ እናወራለን።

ያን ድንጋይ ከሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር አምጥቼ ምንጩ ዳር አኑሬዋለሁ። እናትሽ አደራ ብላኛለች፤ እሷ ስትመጣ አንተ ተሸከመው ብላ። ስትመጪ ተሸክሜው አጎንብሼ ታገኚኛለሽ።

ቶሎ አታውርጂልኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። የእናትሽ ምርቃት ካንቺ አይለይ።

በዳይሽ፣
አባትሽ