ቀስቱ ወደ እማዋይሽ ቤት ያመለክታል

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 2002

«ምን ቀብራችሁብን ነው?» ይለኛል ሰውየው በስልክ። ሰላምታ የለ፣ ማን ልበል የለ። ተሳስቶ የደወለ መስሎኝ ልዘጋበት ስል «ጣሳው ላይ የተጻፈው ስልክ ያንቺ አይደለም?» አለኝ። ክው አልኩ። ጣሳዬን አግኝተውታል።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። እኔና ጌታነህ አንድ ትምህርት ቤት ነን፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ሒሳብ። ከዓምና ጀምሮ አንድ ጨዋታ ይዞናል። አንዳችን ጣሳ ውስጥ ጥቃቅን ዕቃ አድርገን ገጠር እንደብቃለን። ጂፒኤሱ ከሳተላይት ተቀብሎ የቦታውን ቁጥር ይነግረናል። ቁጥሩን በስልክ መልእክት ለሌላው እንልካለን፤ ያኛው መሣሪያውን ይዞ ቀስቱን እየተከተለ ይፈልጋል። ፈረንጅ አገር ሽማግሌው ሁሉ ይጫወተዋል አሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። መሣሪያውም አንድ ነው፤ መንገድ ሥራ ላይ ከነበረ ቀያሽ በአሮጌ የገዛሁት።

ጥቅምት ላይ ግራር አምባ ሄደን ሁለት ጣሳ ደበቅን። ከአማኑኤል መንገድ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። አንደኛውን እኔ ብሳናው ሥር ካለው የድንጋይ ካብ ሸጎጥኩት። ሁለተኛውን ጌታነህ ብቻውን ሄዶ ደበቀ። የት እንደሆነ አላውቅም፤ ቁጥሩ ብቻ ስልኬ ላይ አለ። ከዚያ ፈተና፣ እርማት፣ ስብሰባ። ረሳነው።

የደወለው ሰውዬ አያሌው ይባላል፣ የካቡ ባለቤት ነው። ካቡን ሲጠግን ጣሳው ዱብ አለለት። ውስጡ የነበረውን ሲዘረዝርልኝ እኔም ፈራሁ። ትንሽ መስታወት። በቀይ ክር የታሰረ እርሳስ። የአሞራ ላባ (እሷ የጌታነህ ናት፣ የሥራውን ይስጠው!)። ክዳኑ ላይ ደግሞ የቁጥር መዓት። መተት ይምሰል ብለን ብናዘጋጀው እንኳ እንዲህ አይሰምርልንም ነበር።

ጨዋታ ነው ብል ማን ይስማኝ። «ምሽቴ ነፍሰ ጡር ናት» አለ። «ያን ካየች ወዲህ ቤቷን ጥላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብታለች። እህል በአፏ አልዞረም። ደግሞ ‹ቁጥር አንድ› ይላል እኮ! ሁለተኛውስ የት አለ?»

እውነቱን ነው። በገዛ እጄ፣ በደማቅ ቀለም ጽፌበታለሁ።

ጌታነህ ለወንድሙ ሠርግ መርጡለ ማርያም ነው። ስልኩ አይሠራም። እሱ እዚያ ይጨፍር፤ እኔ እዚህ ልቃጠል።

አርብ፣ ጥር 14

ፈተና ጠብቄ እንደጨረስኩ ወደ ግራር አምባ። ግማሹን በሚኒባስ፣ ግማሹን በእግር።

መሣሪያው ኅዳር ላይ ድርቅ ብሎ ቀርቶብኝ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነስቼው ነበር። ስለዚህ የጌታነህን ቁጥር ከስልኬ እያየሁ አንድ በአንድ አስገባሁ። ሦስቴ አረጋገጥኩ። አዲስ ባትሪ ድንጋይም ገዝቼለታለሁ።

አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ባትሪ ሲቀየርለት ኮምፓሱ እንዲስተካከል ይዘውት በዝግታ መዞር ያስፈልጋል። እኔም አያሌው ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ዞርኩ። ቀና ስል ሁለት ሴቶች እያማተቡ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጎትታሉ። ወይ እኔ! ለነሱ ምን መስዬአቸው እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የአያሌውን ሚስት እማዋይሽን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘኋት። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። እጄ ላይ ያለውን መሣሪያ ታያለች። እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ታላቅ እህቴ አርግዛ እንዲሁ ሆና የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈች። የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂጂ ብላ ለምናታለች።

«ባለፈው ሰኔ በሰባት ወሬ ወጣብኝ» አለችኝ። «ወንድ ነበር። አሁንም ሰባት ወሬ ሊገባ ነው። የተቀበረብኝ ሳይወጣ ወንዝ አልሻገርም።»

«እማዋይሽ፣ ጨዋታ ነው እኮ፣ የልጅ ጨዋታ!»

«ጨዋታ ከሆነ አውጪልኛ።»

ቀስቱን ተከትዬ ሄድኩ። አያሌው፣ ቄስ ሞላ፣ ግማሹ መንደር ከኋላዬ። ቀስቱ በማሳው፣ በደረቁ ቦይ፣ በጓሮው አድርጎ ወሰደኝና እማዋይሽ ቤት ውስጥ ይዞኝ ገባ። መደቡ ላይ። የምትተኛበት መደብ ላይ!

አበስኩ ገበርኩ። ጌታነህ ሞኝ ነው እንጂ ሰው ቤት ገብቶ መደብ ሥር አይቀብርም። አይደል?

አያሌው መደቡን አፈረሰው። አፈር ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

ተመልሼ ሄድኩ። ዛሬ ቀስቱ በረቱ ውስጥ ነው ይላል። ትናንት መደብ፣ ዛሬ በረት። ዝም ብዬ ብቆም እንኳ ይወዛወዛል። አያሌው በረቱን ቆፈረ፣ ላሞቹ ሜዳ ላይ ተበተኑ። ምንም።

ተጠርጣሪዎቼን ልጻፍ፦

ባትሪ። አዲስ ነው።

ባሕር ዛፉ ሳተላይቱን ከለለ። ቤቱ አጠገብ አንድም ባሕር ዛፍ የለም።

የቤቱ ቆርቆሮ። ምናልባት። ግን የትናንቱና የዛሬው ልዩነት ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ያን ያህልማ ሁሌም ይስታል።

ጌታነህ ቁጥሩን አሳስቶ ጻፈ። የሒሳብ መምህር! ቢሆን አይገርመኝም።

አምስተኛውን ልጻፈው አልጻፈው? ሰዎቹ ልክ ናቸው። የሆነ ነገር አለ፣ መሣሪያውም ያውቃል። ዲግሪ ይዤ ይህን ማሰቤ! ግን ያቺን ሴት አይቶ፣ ያ ቀስት ቤቷ ላይ እንቢ ብሎ ሲቀር አይቶ፣ የማያስብ ይምጣ።

አያሌው «ቤቴን በቁሜ አፈረሱት መምህርት» አለኝ። ስድብ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር። እማዋይሽ ዛሬ ውኃ ብቻ ጠጣች፤ ፊቷም ማበጥ ጀምሯል። ቄስ ሞላን «አባቴ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት፣ ትታከም» ብዬ ለመንኳቸው። «ነገርኳት ልጄ፣ ጠበሉም ሐኪሙም የእግዜር ነው አልኳት» አሉ። «የሰው ልብ ግን በበትር አይነዳም።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ ዓሣም አላወጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 16

አገኘነው!!!

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ከቅዳሴ በኋላ ደረስኩ። ቀስቱ ያው፣ ቤቱ ላይ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ብሽቅ ብዬ ሄጄ ብሳናው ሥር፣ የመጀመሪያው ጣሳ ከነበረበት ካብ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ከዚያ በእልህ፣ «እስቲ የራሴን ጣሳ ታውቀው እንደሆነ» ብዬ የቁጥር አንድን ቁጥር አስገባሁለት። እኔው የላክሁት መልእክት ስልኬ ላይ አለ። ጣሳውን በእጄ የሸጎጥኩበት ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ እኮ። «ደርሰሻል» ማለት ነበረበት።

አላለም። «ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ መቶ አርባ ሜትር ግድም» አለ።

እንዴ! አጥፍቼ አበራሁት። ያው። ተነስቼ ተንቀሳቅሼ ተመለስኩ። ያው።

እንደ ዕብድ ብድግ አልኩ። ሁለቱም ቁጥር የተለካው በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ነው። የኔን በዚያ በኩል ያን ያህል ከሳተ፣ የጌታነህንም ያን ያህል፣ በዚያው በኩል ስቶታል! ቤቱ ውስጥ ምንም ኖሮ አያውቅም። ከቤቱ ተነስቶ የተገላቢጦሽ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሄድ ነው።

ሄድኩ። ሰዉም፣ እማዋይሽም ተደግፋ፣ እየተጎተቱ ተከተሉኝ። ያቆመኝ ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ያረጀ ቁልቋል ጋ ነው። ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። አያሌው በዶማው ጫፍ ፈነቀለው። ጣሳ። «ቁጥር 2»።

ጌታነህ ምን እንደከተተበት እግዜር ይወቅ። ቄስ ሞላ ደገሙበት፣ ጠበል ረጩበት፣ ከዚያ አስከፈቱት። ክዳኑ አልገጠመም ነበር። ዝገትና የጉንዳን ሬሳ። ሌላ ምንም።

«ባዶ ነው» አለ አያሌው ግራ ገብቶት።

«እንኳን ባዶ ሆነ!» አሉ ቄስ ሞላ። አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። እማዋይሽ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ቂጣ በላች። ደስታዬ ወሰን አጣ። እርግጥ «ጎሽ» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ቤት ገብቼ መሣሪያውን ስበረብር የሳተበት ምክንያት ተገኘ። ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ካርታ ጋር እንዲስማማልኝ ብዬ የመለኪያውን መነሻ ለውጬው ነበር። የኛ የድሮ ካርታዎች ምድርን የሚለኩበት መነሻ ከሳተላይቱ ይለያል። ኅዳር ላይ ሁሉን ሳጠፋ ወደ ሳተላይቱ ተመለሰ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቦታ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለኔ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 17

ጌታነህ ደወለ። ነገሩን ስነግረው ሳቁን ለቀቀው። ከረሜላ ነበር የከተተው፣ ጉንዳን በላው። «በላባው ፈንታ ከረሜላውን እኔ ጣሳ ውስጥ ብትከት ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩበት። ይሳቅ።

ከሰዓት አያሌው ደወለ። ድምፁ ሌላ ሰው። «እግዜር ይስጥልን መምህርት፣ ቤቷ ገብታለች፣ እህል ቀመሰች።»

«ሆስፒታልስ?»

«ኧረ ምን ሆስፒታል! ‹ልጄን የበላብኝ ወጣልኝ፣ ሐኪም ምን ያደርግልኛል› አለች እኮ። የእግሯ እብጠት ብቻ ነው ያልጎደለው።»

ስልኩን ዘግቼ ወሮቹን ቆጠርኩ። ልጇ የሞተው ሰኔ ነው። ጣሳውን የደበቅነው ጥቅምት ነው። የልጁን ሞት ከጣሳው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ግን ይህን ስቆጥር እስከ ዛሬ የት ነበርኩ? ወሩን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። እሷ አሁን ተገላግላለች። እህል በልታለች፣ ቤቷ ተኝታለች። እውነቱን ብነግራት ያን እቀማታለሁ። ባልነግራት ያ እብጠት ይገድላታል፣ ልጁንም።

ጌታነህን አማከርኩት። «ተያቸው፣ ሰላም ወርዷል፣ ደግሞ ምን ልትቆሰቁሺ!» አለኝ።

እኔ እንጃ። ምናልባት ትመለስና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትገባ ይሆናል። ምናልባት ሦስተኛ ጣሳ አለ ትል ይሆናል። ምንም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩን አሞኛል አልኳቸው።

እማዋይሽ አዲስ የተለሰነው መደቧ ላይ ተጋድማለች። ስታየኝ ደስ አላት፣ «ነይ እቴ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ዓይኗ ሥር አብጦ ልትጨፍነው ነው የምትመስል። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ አልሄድኩም።

«እማዋይሽ፣ ጣሳውን የደበቅነው ጥቅምት ነው።»

«እህ?»

«የዘንድሮ ጥቅምት። ያኛው ልጅሽ ያረፈው ግን ሰኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ነው።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ወሮቹን ትቆጥራለች። ሐምሌ፣ ነሐሴ። አያሌው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ቆጥራ ስትጨርስ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም።

«እንግዲያ ልጄን ምን ወሰደብኝ?»

«አላውቅም።»

«እሱ ነው ብዬ ነበር እኮ። ወጣልኝ ብዬ ነበር።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ምን አደርጋለሁ?

«ምን እንደወሰደው ስለማላውቅ ነው ሐኪም ይይሽ የምልሽ» አልኳት። «ይኼኛውን እንዳይወስደው።»

ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል «አያሌው» አለች፣ «ነጠላዬን አቀብለኝ።»

እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ ወሰዷት። ወንዙ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሆስፒታል እንደደረስን አዋላጇ ግፊቷን ለክታ ፊቷ ተለወጠ፣ ነርስ ጠራች፣ ወዲያው አስተኟት። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብላ የተቆጣችው እኔን ነው። መስሚያውን ሆዷ ላይ ደቅና ብዙ ቆየች። ፊቷን ፊቷን አየሁ።

«ልቡ ይመታል» አለች። «ግን ምንም ቃል አልገባም፤ የዛሬውና የነገው ነው የሚታየው።»

ልወጣ ስል እማዋይሽ እጄን ያዘችኝ። ስትናገር አላየችኝም።

«አንቺን ግን ተቀይሜሻለሁ» አለች። «ነገ ነይ።»