ቀንቼ የተማርኩት የፓተርን ፕሮግራም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሰሌዳው ፊት ስትቆሚ እጅሽን ጎንሽ ላይ ታደርጊያለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ናቸው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? እማዬ አንቺ ጋ ስለሆነች ልቤ ያርፋል፤ ቢሆንም መድኃኒቷን በሰዓቱ እንደምትውጥ አንቺው ጻፊልኝ። እሷን ብጠይቃትማ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አታውቅም። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ሰውነቴን ማለቴ ነው፤ የልቤን ነገር ግን ልንገርሽ።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ፓተርን፣ የልብሱን ቅድ ማለቴ ነው፣ በኮምፒውተር የሚያወጣ ፕሮግራም መግዛቱን በስልክ ነግሬሽ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ቅዱን ካርቶን ላይ በእርሳስና በማስመሪያ የምናወጣው እኔና ቀጭኔ ነበርን። ቀጭኔ ያልናት ከቁመቷ የተነሳ ነው፤ ስንደዋወል ከጎኔ ሆና ሰላም የምትልሽ ባልንጀራዬ ናት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ቆመን ስንሠራ ኖረናል። ሜትር ፈልጋ እጇን ስትዘረጋ ቀና ሳልል ነበር የማቀብላት።

ፕሮግራሙን ቀጭኔ ቶሎ ቻለችው። ባሏ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ አስተማሪ ቤቷ ድረስ አለላት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አለቃችን መስኮት ወዳለው ክፍል አዛወራት። ደንበኛ ሲመጣ የምትጠራው እሷ፣ ሻይ ቀርቦላት የምታወራው እሷ ሆነች። እኔ ከካርቶኔ ጋር ቀረሁ። እትዬ፣ አንጀቴ አረረ። ከግድግዳው ወዲያ ስትስቅ ስሰማ በእኔ የምትስቅ ይመስለኝ ጀመር። ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ ምሳ አብሬያት መብላት ተውኩ። አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ተበላሽቶ ፊቷ ሲጠቁር አይቼ ከሰዓቱን ሁሉ እያንጎራጎርኩ ዋልኩ። ይሄን የምጽፍልሽ አንቺ ስለሆንሽ ነው።

እንግዲህ እኔም ልማር ብዬ ተነሳሁ። አለቃዬን አስፈቅጄ ዕቃ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በምሳ ሰዓት እቀመጥ ጀመር። በቪዲዮ የሚያስተምረው ሰውዬ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምልክት ጀምሮ ይሄ ይሄን ይሠራል፣ ያ ያን ይሠራል ይላል፤ እኔም እንደ ተማሪ ልጅ እሸመድዳለሁ። በማግስቱ አንዱም አይገኝም። ያኔ ነው እያለቀስኩ የደወልኩልሽ።

ጎልማሶችን ስታስተምሪ የኖርሽው እንዲህ ላለው ቀን ኖሯል። ጎልማሳ ለምን እንደሚማር ካላወቀ ጆሮው ይደፈናል አልሽኝ። ባዶ ዕቃ አይደለሽም፣ እጅሽ ከሚያውቀው ሥራ ተነሺ፤ ሁሉንም ልወቅ አትበይ፣ ዛሬ የሚያስፈልግሽን ተማሪ፤ የተበላሸውንም ከመጣልሽ በፊት ለምን እንደተበላሸ ቁጭ ብለሽ እዪው አልሽኝ። በመጨረሻም ከእኩያሽ ጋር ብትማሪ ይፈጥንልሻል አልሽ። የመጨረሻዋን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ለምን እንደምማርማ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቀጭኔን ለመብለጥ ነው።

ቪዲዮውን ዘጋሁና ትምህርት ቤት ያዘዘንን፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማወጣውን የተማሪ ሸሚዝ ያዝኩ። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ቢሆን እጄ ምን ያደርግ እንደነበር ልብ እላለሁ፤ ከዚያ ያንኑ የሚሠራውን ምልክት ፕሮግራሙ ውስጥ እፈልጋለሁ። ትከሻው መጣ፣ አንገቱ መጣ፣ እጅጌው መጣ። ሲገባኝ ከወንበሩ ተነስቼ ብቻዬን ተሽከረከርኩልሽ። ሳይዙን ከፍ አድርጌ አተምኩት፤ ለአለቃችን አሳይቼ ጉድ ላሰኘው ብዬ ማንንም ሳላማክር ቆርጬ ሰፋሁት።

የልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ላይ ሳለብሰው ጉዱ ወጣ። የአካሉን ሳይዝ ከፍ ሳደርግ እጅጌው አብሮ አላደገም ኖሯል፤ ብብቱ ላይ ተጨማዶ ትከሻውን ወደ ላይ ሰቅሎታል። ይህን ጊዜ አለቃችን ከደንበኛ ጋር እያወራ ወደ እኛ ሲመጣ ሰማሁ። ቀጭኔ ከክፍሏ ብቅ አለች፣ ሸሚዙን አየች፣ ተሰቅሎ የነበረ ኮት አንስታ ላዩ ላይ ደረበችበትና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰዎቹ ኮቱን አመስግነው አለፉ።

ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቷ ከችሎታዋ ይልቅ አቃጠለኝ። ሸሚዙን ፈትቼ ባየው ባየው ስህተቱ የት እንዳለ እንጂ እንዴት እንደሚታረም አልገለጥልኝ አለ። ጥርሴን ነክሼ፣ ሸሚዙን ጠቅልዬ ሄድኩና እጅጌውን ከአካሉ ጋር እንዴት እንደምታገናኘው ጠየቅኋት። ወንበር ሳበችልኝ። ጥቂት ከቆየን በኋላ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስፍጨረጨር እያየሽ ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት።

«ሳትጠይቂኝ ባስተምርሽ ዓይኔን ታዪው ነበር?» አለችኝ።

ባሏም ቢሆን ማስተማር አያውቅበትም አለች፤ ማውዙን ከእጇ እየነጠቀ ራሱ ሠርቶ ይሰጣት ነበር። አባርራው ነው የገዛ ቀሚሷን ፈትታ፣ ብቻዋን እያበላሸች የተማረችው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ወደ መብላቱ ተመለስን፤ ግማሹን ሰዓት እንበላለን፣ ግማሹን ማውዙን እሷ ትይዝና እኔ እጠይቃለሁ፣ ወይ እኔ እይዝና እሷ እጇን አጣጥፋ ታያለች። የትምህርት ቤቱን ሸሚዝ በየሳይዙ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተሰፍቶ ሄዷል፣ እጅጌው ልክ ነው።

አሁንማ ደስ ይበልሽ ትይኝ ይሆናል። አለቃችን ሁለተኛ ቤት ከፈተና ቀጭኔን እዚያ ላካት። መስኮት ያለው ክፍል ለእኔ ሆነ፤ ሻዩም ለእኔ ይቀርባል። እዚያ ሁለተኛው ቤት አዲስ የተቀጠረች ሴት አለች፣ ቀጭኔ ፕሮግራሙን ታስተምራታለች። ትናንት ስትደውልልኝ ስለዚያች ሴት ስታወራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ምሳም አብረው ነው የሚበሉት። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ፕሮግራሙን እንዴት እንደምማር አስተማርሽኝ፤ እስቲ ይሄኛውንም ካወቅሽበት ንገሪኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ጎበዝ በያት፣ ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። በየደብዳቤሽ የምታነሻትን፣ እንደ እህቴ ናት የምትያትን አብራሽ የምታስተምረዋን ሴትዮም ሰላም በያት። እህትሽ ግን እኔ ነኝ።

ታናሽሽ፣
ከፓተርን ክፍል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን