ለመጠጥ ማቆሚያ ስለተሰጠን የመኪና ማቆሚያ

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ። እኔ እዚሁ ሠፈር ሠላሳ ዓመት ሱሪ ሳሳጥር የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ሁለቱን ዓመት ጠጥቼ ስለሰፋሁ፣ የሱሪው አንዱ እግር ያጠረበት ደንበኛ ካለ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምናልባት እርስዎም አንዱ ይሆናሉ። ከጠርሙስ ከተለያየሁ ዛሬ አምስት ወር ሆነኝ። እጄ መንቀጥቀጡን ትቶ ክሩን በአንድ ሙከራ መርፌ ውስጥ ያስገባሁ ዕለት ባለቤቴ አልቅሳለች። ይህን ያደረግሁት በጉብዝናዬ አይደለም፤ እንደ እኔው ከመጠጥ ጋር ከተጣሉ ስምንት ሰዎች ጋር በየሐሙሱ እየተቀመጥን ስለተነጋገርን ነው። በዚያ ስብስብ ስም አይጠየቅም፣ የተነገረም ከበር አይወጣም። ለዚህ ሁሉ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የዋለልንን ውለታ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ፣ እነሆ በተራ ቁጥር።

፩ኛ/ ስብስቡን ስፈልግ መጀመሪያ የመጣሁት ወደ መረጃ መስኮትዎ ነበር። ጉዳዬን ለሠራተኛዋ በሹክሹክታ ብነግራት፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ላለው ባልደረባዋ መጠጥ ማቆም የፈለጉ አባት መጥተዋልና ወዴት ልላካቸው ብላ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኸችልኝ። የልጄ አማት ሳይቀሩ ሰልፉ ላይ ነበሩ። ለዘመድ አዝማድ አንድ በአንድ ከማስረዳት ስላሳረፋችሁኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደግነቱ፣ ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ትከሻዬን ነካ አድርገው ሐሙስ ቤቴ ይምጡ አሉኝ። ከመስኮትዎ ያጣሁትን ከሰልፍዎ አገኘሁት ማለት ነው።

፪ኛ/ የእትዬ መምህርት ሳሎን ሲጠበን «ለመጠጥ ማቆሚያ ቡድን የሚሆን ቦታ» እንዲሰጠን በማመልከቻ ጠየቅን። መዝገብ ቤትዎ «ማቆሚያ» የምትለዋን ቃል ሲያይ ሌላውን ማንበብ ምን አደከመው! ማመልከቻችንን በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያ ክፍል መራው። ዛሬ ነገ እየተባልን እግራችን እስኪቀጥን ከተመላለስን በኋላ፣ ከሕንፃው ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ፲፬ ተፈቀደልን፤ ከቢጫው መስመር መውጣት እንደሚያስቀጣም በደብዳቤ ተነገረን። ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን፤ አብዛኞቻችን በመስመር ውስጥ ስንገኝ በሕይወታችን የመጀመሪያው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አንድ ሰውዬ ወደ ኋላ እየነዳ ሊገባብን ሲል እትዬ ኑዛዜያችንን አስቁመው በእጃቸው ምልክት እየሰጡ መለሱት። ፎርሙ የሰሌዳ ቁጥር ስለሚጠይቅ «የለንም» ብለን ሞላን።

፫ኛ/ እርስዎ ግን ሰሌዳ አልነፈጉንም። ተቆጣጣሪዎ መጥቶ ሙሉ ስም፣ ሙያና ፊርማ ካልሰጣችሁ ቦታው ይወሰዳል አለን። ስም የማንጠያየቅ ሰዎች መሆናችንን ብናስረዳው፣ ከፋይል አይወጣም ብሎ ማለልን፤ ያቺንም ምድር ቤት እንዳናጣ ፈርተን ፈረምን። ሰኞ ጠዋት ዝርዝራችን በዋናው በር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ርዕሱ ረዝሞባችሁ መሰለኝ «የጠጪዎች ዝርዝር» ተብሎ አጥሯል። እኔ እንኳን ሱሪ ሳሳጥር እንዲህ አልጨክንም።

ከመካከላችን «ዝምተኛው» የምንለው ወንድማችን ነበር። ስሙንና ሙያውን እርስዎ ስለጻፉት እኔ አልጽፈውም። ስድስት ሳምንት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጦ፣ በሰባተኛው ልጆቼ ሲያዩኝ መሸሽ ትተዋል አለን፤ ሁላችንም እንባችን መጣ። ሰባ አንድ ቀን ሳይጠጣ ቆይቶ ነበር። ወረቀቱ በተለጠፈ በማግስቱ አለቃው ጠርቶ ጠየቀው። ሐሙስ ቀረ። ቤቱ ብሄድ፣ ጠርሙሱን እንኳን ሳይደብቅ፣ ስሜ ከበር ላይ ተሰቅሎ እኔ ከማን ልደበቅ ነው አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ያልቅብኛልና ይታገሡኝ፦ ያን ሰው አፍርሳችሁታል።

፬ኛ/ ወረቀቱ እንዲነሣ ለማመልከት ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ የተለጠፈም ሠላሳ ቀን ሳይሞላው እንደማይነሣ ተነገረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ለእርስዎ መጥቀስ ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ነው የምጠቅሰው።

ልመናዬ አንድ ናት። ወረቀቱን ያንሱልንና ስህተቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን በሁለት መስመር ይጻፉልን። ያቺን ደብዳቤ ይዤ ዝምተኛው ቤት ልሂድበት። ሌላ የምይዝለት ነገር የለኝም፤ ቀኑም በረዘመ ቁጥር እሱን መመለሱ ይከብደናል።

በመስመር ውስጥ መቀመጥን ያስተማረን መሥሪያ ቤትዎ ዕድሜው ከሰልፉ ይርዘም እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

ልብስ ሰፊው
(ሙሉ ስምና ፊርማ፦ ከሰሌዳዎ ላይ፣ ተራ ቁጥር ፮)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ምድር ቤቱ ወርደው፣ መኪናቸውን የሚፈልጉ መስለው ሦስት ጊዜ ካለፉን በኋላ ከዳር ተቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠየቁን ነገር ቢኖር እዚህ የመጣ ሰው ስሙ ይለጠፋል ወይ ብለው ብቻ ነው። እኛ ስማቸውን አልጠየቅናቸውም፤ ምን ብለን እንደምንመልስላቸው ግን እርስዎን መጠየቅ ግድ ሆነብን።