የተቆረጠው የሙቀት ሽቦ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬፤ ጋምቤላ

መኪናዋ ዛሬ ጀዊ መንገድ ላይ ፈላች። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ግን ንቅንቅ አላለችም። መካኒኩ የሴንሰሩን ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘው። ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ሲያነካካው መርፌዋ ዘላ ቀዩ ላይ ወጣች።

«ሆን ተብሎ ነው፣ ወንድሜ። የሸጠልህ ሰው መፍላቷን ያውቃል።»

የሸጠልኝ ጓደኛዬ ኦሞድ ነው። «የጋምቤላ ፀሐይ እንኳ አያሞቃትም» ሲለኝ አብሬው ስቄ ነበር።

ሽቦውን አስቀጠልኩት። የሚያፈሰውን ራዲያተር ግን እንዲተወው ነገርኩት። ነገ ኦሞድን ጎግ ላደርሰው ቃል ገብቻለሁ። አጠገቤ ተቀምጦ መርፌዋ ስትወጣ ይያት። አንድ ቃል አልናገርም። ፊቱን ብቻ ነው የምፈልገው።

አሁን ደወለ። «እናቴም ትመጣለች፤ ቦታ አለህ አይደል?»

«ትምጣ» አልኩት። ልጇን ትየው።

ከኋላው አሮጊቷ ስትመርቀኝ በስልኩ ተሰማኝ።