ጫማው ያለበት ስንኝ

ውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል።

ልጅሽን ሳልነግርሽ በጠዋት አውቶቡስ መላኬ አስደንግጦሻል። ተጣላችሁ ወይ ብለሻል። አልተጣላንም።

የልጅሽን ዘፈን ሳትሰሚው አትቀሪም፤ እዚህ ታክሲው ሁሉ እሱን ነው የሚያሰማው። ሽንኩርት ሲከትፍ የሚያለቅሰው ልጅሽ ራሱን «ምላጭ» ብሎ፣ ፌርማታው ጋ አንዱን ወግቶ እንደጣለ ይፎክራል። የሰፈሩ ራፐር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሰው የሠራውን እኔ ሠራሁት ይላል። ስቱዲዮዬ ውስጥ ከስንቱ «ገዳይ» ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ መሰለሽ።

የልጅሽ ስህተት እውነት መጨመሩ ነው። ፌርማታው ጋ የምር አንድ ወጣት ተወግቶ ሞቷል። ቁስለኛውን ሐኪም ቤት ያደረሰው ባለታክሲ ጸጉር ቤት ቁጭ ብሎ፣ የተወጋው ልጅ ግራ ጫማ ወልቆ ቦይ ውስጥ መውደቁን ሲያወራ ልጅሽ ሰማ። ስንኝ አደረገው። ተው ይቅርብህ ስለው፣ «ጋሼ ደግሞ! ሰው እንዲያምን ነዋ» አለኝ። አመኑለት።

ማክሰኞ የሟቹ ታላቅ ወንድም መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እግሩን በር ላይ ጠርጎ ገባ። የጫማውን ነገር እዚያ ያልነበረ ሰው ከየት ያውቃል አለኝ። የእህቴ ልጅ በዚያ ሰዓት እዚሁ እኔ ጋ ሲቀረጽ ነበር አልኩት። አጎቱ አይደሉ እንዴ፣ ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል ብሎ ሳቀ። ከባለታክሲው ነው የሰማው ልል አፌ ላይ ደረሰ፤ ግን እሱም ልጆች አሉት። ስንኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት። እንግዲያው ጋሼ፣ ቅዳሜ ከዘመዶቼ ጋር መጥተን ከእርስዎ ጋር እንጨርሳለን አለ።

በማግስቱ ነው ልጅሽን የላክሁት። ስቱዲዮውን ግን አልዘጋም፤ ብዘጋ እሱን ፍለጋ ይነሳሉ። ዘፈኑን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋሁት፤ በየሰው ስልክ ላይ ያለውን ምን ላድርገው?

አንቺ ጋ አቆዪው። ዳቦ ቤትሽ ውስጥ ያግዝሽ፣ ዱቄት ይሸከም። ስለ ሰውዬው እንዳትነግሪው፤ ከሰማ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። ደውሎ ካላነሳሁለት ኔትወርክ ነው በይው። ሰንብቶም ቢጠይቅሽ ኔትወርክ ነው በይው።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። በሩንም በጊዜ ዝጉ።

ታናሽ ወንድምሽ